ከሩቅ ያማረ ከተማ፦ ለእኩዮቼ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

እኩዮቼ ሆይ፣ በየሠርጉ ቤትና በየልቅሶ ድንኳኑ፣ ከቅዳሴ መልስም በየበረንዳው ተቀምጠን፣ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበልን የከተሞችን መልክ የምናወዳድርበት አዲስ ልማድ ይዘናል። አንዱ ልጁ ከዱባይ የላከለትን የሌሊት ፎቶ ያሳያል፤ ሌላው የኒውዮርክን፣ ሌላው የሻንጋይን ያወጣል፤ በመጨረሻም ከአየር ላይ የተነሣችው የእኛዋ አዲስ አበባ ትመጣለች፣ ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር የበቀሉት የመስታወት ሕንፃዎች በመብራት ደምቀው፣ የንግድ ባንኩም ሕንፃ ከሁሉም በላይ አንገቱን አውጥቶ። ያን ጊዜ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «አሁን እኮ ምንም አልቀራትም» እንላለን። ስልኩ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ ወሬውም ወደ ኑሮ ውድነት ይሄዳል።

በጨዋታው ክፋት የለም። ዐይን ያማረ ነገር ማየት ይወዳል፤ ስሟ ከድህነት ጋር ሲነሣ ለኖረች ከተማ ደግሞ የልጆቿ ልብ ቢሞቅ አይፈረድበትም። እኔን የሚያስፈራኝ ያን ቃል የሚናገረው ሰው ማንነት ነው። ወጣት ቢናገረው ያልፋል፤ የእኛ ቃል ግን አያልፍም፣ በወረዳው ስብሰባ ላይ የሽማግሌ ራስ መነቅነቅ እንደ ፈቃድ ይቆጠራልና፣ ከዋሽንግተንና ከሪያድ ቤት ለመግዛት ገንዘብ የሚልኩት ልጆቻችንም ውክልናውን የሰጡት ለእኛ ነውና፣ በየአክሲዮን ማኅበሩ ቦርድ የተቀመጠውም የእኛው ትውልድ ነውና። ከተማዪቱ ከሩቅ ማማሯን ብቻ ስናወድስ፣ ከሩቅ የሚያምር ብቻ ይሠራልናል። ጠያቂ ያጣ ቤት መጨረሻው ምን እንደሚሆን እኔም እናንተም አንድ ጊዜ አይተናል።

አስታውሱ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ሲታወጅ አብዛኞቻችን ወጣቶች ነበርን። ተከራዩ ደስ ብሎት ነበር፤ ለምን ደስ እንዳለውም የዚያን ዘመን የቤት ጌታ የሚያስታውስ ሁሉ ያውቃል፣ ስለዚህ በአዋጁ ፍትሐዊነት ላይ ዛሬ አልከራከርም። ነገር ግን ቤቱ በዚያች ቀን ጠባቂ አጣ። የወር ኪራዩ ከ100 ብር የሚያንሰው ለቀበሌ፣ ከዚያ የሚበልጠው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ፤ ኪራዩ ከተተመነበት ሳይነቃነቅ ዓመታት አለፉ፤ በዚያች ገንዘብ ጣራ የሚቀይር ቀበሌ አልነበረም፤ ተከራዩም «የእኔ ባልሆነ ቤት ላይ ለምን ላውጣ» አለ፣ ላውጣ ያለውም ፈቃድ ሊጠይቅ ሲመላለስ ክረምቱ ደረሰበት። አሸንዳው ዝጎ ወደቀ። ውኃው በጣራው ጠርዝ ወደ ግድግዳው መውረድ ጀመረ፣ ምርጊቱ አበጠና ተሰነጠቀ፣ አርመንና ህንድ አናጢዎች የጠረቧቸውን የእንጨት በረንዳዎች ምስጥ በላቸው፣ ደረጃው ሲረገጥ ይጮኽ ጀመር፣ በመጨረሻም ላዩ ተዘግቶ ሰው በምድር ቤቱ ብቻ ኖረ።

በአርባ ዓመት ውስጥ ሰፈሩ አስቀያሚ ተባለ፤ አስቀያሚ ከተባለ በኋላ ደግሞ ለማፍረስ ብዙ ክርክር አላስፈለገም። በ2016 ዓ.ም. በአራዳ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ሲፈርሱ ከእኛ መካከል ያለቀሰ ነበረ፣ «እንኳን ተገላገልነው» ያለም ነበረ፣ ሁለቱም የየራሱ እውነት ነበረው። እኔን ከፍርስራሹ ይልቅ ያሳዘነኝ፣ እነዚያ ቤቶች የሞቱት ቡልዶዘሩ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት፣ አሸንዳው ወድቆ የሚያነሣው በጠፋበት ክረምት መሆኑ ነው።

ይኸው መከራ አሁን መስታወት ለብሶ ሊመለስ ነው ብዬ እሰጋለሁ። የጭቃ ቤት አሥር ዓመት ሳይጠገን ቢቀር ያፈሳል፤ ሰው ባልዲ ደቅኖ ይኖርበታል። ሃያ ፎቅ ያለው ሕንፃ ግን አሥር ዓመት ሳይጠገን ቢቀር መኖሪያነቱ ያበቃል፣ ሊፍቱ፣ የውኃ መግፊያው፣ ጄኔሬተሩ፣ በመስታወቶቹ መካከል ያለው ማጣበቂያ፣ የእሳት ማስጠንቀቂያው ሁሉ በየዓመቱ ሰውና ገንዘብ የሚጠይቅ ነውና። ፎቶው ይህን ዕዳ አያሳይም። ሕንፃው በተመረቀ ማግሥት ዕዳው ይጀምራል፤ ሪባኑን የቆረጡት ሰዎች ያን ጊዜ ወደየቤታቸው ሄደዋል።

ጆሃንስበርግ የሄዳችሁ፣ ልጆቻችሁም በጄፒ ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ፣ በከተማዋ ሰማይ ላይ ብቻውን የቆመውን ክብ ሕንፃ ታውቁታላችሁ። ፖንቴ ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 (የሌሎቹንም አገሮች ዓመት እንዲሁ እቆጥራለሁ) ሲጠናቀቅ 54 ፎቅና 173 ሜትር ነበረው፣ በከተማዋ ከሁሉ የላቀ መኖሪያ ይባል ነበር፤ ነጭ ሀብታሞች ከአናቱ ሆነው ከተማዪቱን ቁልቁል ያዩ ነበር። ሕንፃው ከመሐሉ ክፍት ነው፣ ከታች ቆሞ ቀና ላለ ሰው በዚያ ረጅም ጉድጓድ ጫፍ ላይ ክብ ሰማይ ትታያለች። ዘመኑ ሲለወጥ ባለቤቶቹ እጃቸውን ሰበሰቡ፣ አገልግሎቱ ተቋረጠ፣ ቆሻሻ የሚያነሣ ጠፋ፤ ነዋሪውም ቆሻሻውን በመስኮት ወደዚያ መሐለኛ ጉድጓድ ይጥል ጀመር፣ ክምሩም ፎቆችን እየዋጠ ወደ ላይ ወጣ። በዚያ ሁሉ ዘመን ጆሃንስበርግ ከሩቅ ሲያዩዋት ታምር ነበር። የፖንቴ አናት የማስታወቂያ መብራት በሌሊት ይበራ ነበር፤ በፖስታ ካርድ ላይም ነበረ። ኋላ ቆሻሻው ተጠርጎ ሕንፃው ነፍስ ዘርቷል፣ ዛሬ ሰው ይኖርበታል፤ ያ የሆነው ግን አንድ ትውልድ በውስጡ ከተሠቃየ በኋላ ነው።

የለንደኑ ደግሞ ይብሳል፣ ስለ እርሱም ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በሰሜን ኬንሲንግተን የሚገኘው ግሬንፌል ታወር 24 ፎቅ ያለው፣ በ1970ዎቹ ለድኾች የተሠራ የኮንክሪት ሕንፃ ነበር። በዙሪያው ባለጸጎች ይኖራሉ። በ2016 እድሳት ተደረገለት፤ ከዓላማዎቹ አንዱ ብርድ እንዲከላከል ነበር፣ ሌላው ግን ከአካባቢው ሲታይ መልኩ እንዲያምር ነበር፣ ይህም በእድሳቱ ፈቃድ ማመልከቻ ላይ ተጽፏል። ለልባሱ ዋጋው ቀለል ያለው የአልሙኒየም ክላዲንግ ተመረጠ፤ ከሁለቱ ስስ ብረቶች መካከል ያለው ፕላስቲክ ነበር። ነዋሪዎቹ ስለ ደኅንነታቸው ደጋግመው ጽፈዋል፣ ሰሚ አላገኙም። ጁን 14 ቀን 2017 ሌሊት ከአንድ ወጥ ቤት የተነሣ እሳት በመስኮት ወጥቶ ልባሱን ያዘ፤ ከዚያ በኋላ እሳቱ የወጣው በሕንፃው ውስጥ አልነበረም፣ በውጪው፣ በዚያ ለዐይን እንዲያምር በተለጠፈው ቆዳ ላይ ነበር። ለረጅም ሰዓት «ባላችሁበት ቆዩ» እየተባሉ የቆዩት ብዙዎቹ አልወጡም። 72 ሰው ሞተ። ከሞቱት መካከል የሐበሻ ልጆች ነበሩ፣ ከእነርሱም ገና ትምህርት ቤት ያልጠገቡ ሕፃናት ነበሩበት። የምርመራ ኮሚሽኑ በ2019 ባወጣው የመጀመሪያ ዘገባ እሳቱ እንዲያ ሊስፋፋ የቻለበት ዋና ምክንያት ያ ልባስ መሆኑን አረጋገጠ።

ይህን ከነገርኋችሁ በኋላ በአዲስ አበባ ጎዳና ስትሄዱ ቀና በሉ። ስንት ሕንፃ ነው ዛሬ ያንኑ የመሰለ የሚያብረቀርቅ ልባስ የሚለብሰው? የእኛው ልባስ ያ የሚነድደው ዓይነት ነው ማለቴ አይደለም፤ የማይነድድ ዓይነትም አለ፣ ከውጭ ሲታዩ ግን አንድ ናቸው፣ ልዩነቱ በመሐሉ ባለው ነገርና በወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀቱን ከባለቤቱ የጠየቀ ሽማግሌ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የድሮው ሕንፃ በጎዳናው መስፋት ምክንያት ቀለሙን እንዲያድስ ሲታዘዝ ከቀለም ይልቅ ልባስ መለጠፍ ይቀለዋል፤ በልባሱ ሥር ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ግን የዛሬ ሠላሳ ዓመቱ እንደሆነ ይቀራል፣ ከውጭ ተለስኖ ውስጡን ነቀዝ እንደበላው ጎተራ።

ዱባይን አታንሳ አትሉኝም፣ የወሬያችን ሁሉ ሚዛን እርሷ ናትና። ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ነው፣ ቁመቱን የማያውቅ ልጅ በቤታችን የለም፤ ከዚያ ውስጥ ወደ 240 ሜትር የሚጠጋው ግን ሰው የማይኖርበት፣ ለቁመት ብቻ የተሠራ ጫፍ መሆኑን የሚያውቀው ጥቂት ነው። በማሪና የሚገኘው ቶርች የተባለው ረጅም መኖሪያ በ2015 ነደደ፣ በ2017ም እንደገና ነደደ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተበትም፣ መንግሥታቸውም ስለ ልባስ ያለውን ሕግ አጠበቀ። እኛ ፎቶውን ስናደንቅ የምንዘነጋው ሌላም ነገር አለ፤ በእነዚያ መስኮቶች ውስጥ ወለሉን የሚወለውሉት፣ የሰው ልጅ የሚያሳድጉት፣ ሌሊት ሲደክማቸው ያንኑ መብራት ከወጥ ቤት መስኮት የሚያዩት የእኛው ሴት ልጆች ናቸው። ስለ ዱባይ መልክ ከተጠየቀ እነርሱ ይጠየቁ።

ስለ ኒውዮርክ አላበዛም። በማንሃተን በፓርክ አቬኑ የቆመው 426 ሜትር ቁመት ያለው ቀጭን መኖሪያ ቤት በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ነዋሪዎቹ ውኃ ያፈስሳል፣ ሊፍቱ ይቆማል፣ በነፋስ ጊዜ ይጮኻል ብለው በ2021 ሠሪዎቹን ከስሰዋል። የዚያ ሀገር ባለጸጋ ጠበቃ ቀጥሮ ይከራከራል። የእኛ ልጅ፣ በጋዝ ጣቢያ ሌሊት እየሠራ ያጠራቀመውን ከፍሎ ሊፍት በማይሠራበት አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲቀር፣ ማንን ይከስሳል?

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በስምንተኛው ፎቅ ላይ አንዲት እናት ባረፉ ጊዜ ሊፍቱ ከቆመ ወራት አልፎት ነበር። የእድሩ ወጣቶች ሣጥኑን ተሸክመው ሲወርዱ በየመታጠፊያው አልዞር እያለ፣ አንዴ ወደ ላይ እያቆሙት፣ አንዴ በደረጃው መደገፊያ ላይ እያሳለፉት፣ ከላይ «ቀስ» ከታች «ያዝ» እየተባባሉ፣ ሟቿ በሕይወት ሳሉ ያልደረሰባቸውን እንግልት በሞታቸው አየን። ከታች ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ሁሉ የመኪና ማቆሚያ ስለሆነ ለቀስተኛው በሁለት መኪኖች መካከል ባለች ክፍተት ላይ ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ። ውኃም በፈረቃ ስለሆነና ፈረቃው ያን ቀን ስላልነበረ፣ ለንፍሮውና ለቡናው ውኃ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደረጃ ለደረጃ ይወጣ ነበር። ያ ሕንፃ ከቀለበት መንገዱ ላይ ሆነው ሲያዩት እጅግ ያምራል። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ የሕንፃው ማኅበር ለሊፍቱ መጠገኛ ገንዘብ ለመሰብሰብ ጠርቶ ከአባላቱ ሲሶው እንኳ አልመጣም፣ ከቀሩትም መካከል እኩዮቻችን ነበሩበት።

ምድራችንም ዝም ያለች ምድር አይደለችም። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳፈረሰ አባቶቻችን ሲያወሩ ሰምተናል፤ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው ንዝረት እዚህ አዲስ አበባ ድረስ እየተሰማ፣ ሰው ሕፃኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በሌሊት ከፎቅ ሲወርድ አይተናል። በዚያ ሳምንት ሁሉም ስለ መሠረት፣ ስለ ብረት ውፍረት፣ ስለ ሲሚንቶ ጥራት ይጠይቅ ነበር። በወሩ ረሳነው። ስምጥ ሸለቆው ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፣ ከአጠገቡም ከተማ ወደ ላይ መውጣቷን ቀጥላለች።

እንግዲህ ወደ ላይ መሥራት ይቁም የሚል ሰው አይደለሁም። ሕዝቡ በዝቷል፣ መሬቱ አይሰፋም፣ የገበሬውን ማሳ እየበሉ በአግድም መስፋትም የራሱ ኃጢአት አለበት። የምለው ከቁመት ውድድር የተመለሱ ሰዎች አሉ ነው፤ ሲመለሱም ገና ጊዜ ሳለ ነው የተመለሱት። ፓሪስ በ1973 ሞንፓርናስ የተባለውን 210 ሜትር ሕንፃ ሠራች፣ ከእኛው ንግድ ባንክ ሕንፃ ቁመት ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሕዝቡ ባየው ጊዜ ደነገጠ፣ በ1977 በከተማዪቱ ውስጥ ከ37 ሜትር በላይ እንዳይሠራ ተደነገገ፣ ረጃጅሞቹም ወደ ዳር፣ ወደ ላ ዴፋንስ ሄዱ። የዋሽንግተን ልጆቻችን ደግሞ ረጅም ሕንፃ በሌለበት ከተማ ይኖራሉ፤ በ1894 አንድ 50 ሜትር ያህል የሚደርስ አፓርትመንት ሲነሣ ጎረቤቶቹ ጮኹ፣ በ1910 በወጣው ሕግም የሕንፃ ቁመት ከፊቱ ባለው መንገድ ስፋት እንዲለካ ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሰማያቸው ክፍት ነው። የዓለም ኃያል መንግሥት ዋና ከተማ በቁመት አለመወዳደሯ ማንንም አላሳፈረም።

ለንደንም ቢሆን፣ በግሬንፌል የወቀስኋት ለንደን፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጉልላት ከተመረጡ ቦታዎች እንዲታይ በሕግ ትጠብቃለች። ከሪችመንድ መናፈሻ አንዲት ጉብታ ላይ ሆኖ በ16 ኪሎ ሜትር ርቀት ጉልላቱ በዛፎች መካከል ይታያል፤ ያን መስመር የሚዘጋ ሕንፃ አይፈቀድም። በ2014 የተጠናቀቀው ሌደንሆል የተባለው 225 ሜትር ሕንፃ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ወደ ኋላ እያዘነበለ የሚሄደው ከፍሊት ስትሪት ሲታይ ጉልላቱን እንዳይጋፋ ነው፤ ባለቤቱ ስንት ካሬ ሜትር የቢሮ ቦታ እንደተወ አስቡት። ሆንግ ኮንግ፣ ያ የሕንፃ ጫካ፣ ከወደቡ ማዶ ለሚያይ ሰው የተራራው ጫፍ እንዳይሸፈን ከጫፉ በታች ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ከሕንፃ ነፃ ሆኖ እንዲታይ በመመሪያዋ አስፍራለች፤ የጣሱት አሉ፣ መመሪያው ግን ስላለ የጣሰው ይታወቃል። የእኛን ሕንፃዎች የምትሠራልን ቻይና ራሷ በ2021 ከ500 ሜትር በላይ የሆነ ሕንፃ እንዳይሠራ ከልክላለች፣ ለትናንሾቹ ከተሞቿም ገደቡን ከዚያ በእጅጉ አሳንሳለች። ያስተማሩን ሰዎች ትተውት ሲሄዱ እኛ ገና ልንጀምረው ነው።

የእኛስ ጉልላት የቱ ነው? እንጦጦ አይደለምን? ምኒልክና ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእርሱ ላይ ሆነው ወደ ፍልውኃ ተመልክተው ነው ይህች ከተማ የተወለደችው፤ ማርያምና ራጉኤል ዛሬም ከላይ ቆመው ያዩናል። ከለገሃር ጣቢያ በር ላይ ቆማችሁ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ተመልከቱ፤ ጎዳናው እየወጣ ይሄድና በጫፉ ላይ አርቱሮ መዘዲሚ የነደፈው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ይቆማል፣ ከጀርባው ተራራው ይዘረጋል፣ ማለዳ ላይ ሰማያዊ፣ በክረምት ጉም የለበሰ። የሕንፃው ነዳፊ ባዕድ ነበር፣ ግን ተራራውን አልሸፈነብንም። አፍሪካ አዳራሽንም በ1953 ዓ.ም. የሠራው እርሱ ነው፤ ያም ዝቅ ብሎ በጎኑ ረዝሞ የተኛ ሕንፃ ነው፣ የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወቶች ለማየት ወደ ውስጡ መግባት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ውበት ለገባበት ሰው ይደረግ ነበር። ዛሬ ከቸርችል ታች ቆሞ ተራራውን የሚያይ ሰው በሁለቱም ወገን እይታው በየዓመቱ እየጠበበ ሲሄድ ይመለከታል። አንድ ሁለት ሕንፃ ቢያጠብቡት አይሞትም፤ የሚያስፈራኝ የሚከለክል መስመር አለመሰመሩ፣ የተሰመረም ካለ እኛ አለመጠየቃችን ነው። ተራራ አንዴ ከተሸፈነ የሚገልጠው የለም፣ አርባ ፎቅ ማን ያፈርሳል?

ልጆቻችን በዚህች ከተማ ከእኛ በኋላ ሃምሳ ዓመት ይኖራሉ። አሁን የሚያምሩት ሕንፃዎች ያን ጊዜ ያረጃሉ፤ ሊፍታቸው ከመለዋወጫ ዘመን ያልፋል፣ ማጣበቂያቸው ይደርቃል፣ ሮቶአቸው ይሰነጠቃል፣ በዶላር የሚገዛ ዕቃ በብር ደመወዝ አይጠገንም። አንድ ትውልድ የቆርቆሮ ጣራ ለመቀየር አቅቶት አራዳን እንዳጣ፣ የሚቀጥለው ሜክሲኮንና ካዛንችስን በቁማቸው እንዳያጣ እፈራለሁ። ያን ጊዜ ሰፈሩ አስቀያሚ ይባላል። ያኔም አንድ ሰው «እንኳን ፈረሰ» ይላል፣ ሌላው ያለቅሳል፣ ነዋሪው ግን እንደገና ዕቃውን ጭኖ ወደ ዳር ይሄዳል።

ጊዜ ግን አለን፣ እኩዮቼ፤ አብዛኛው ገና በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ነው፣ ገና በአጣና ተደግፎ ያለም አለ፣ ብዙው በወረቀት ላይ ነው። ልጃችሁ ከባሕር ማዶ የሪል እስቴት ፎቶ ልኮ «አባዬ፣ እማዬ፣ ሄዳችሁ ፈርሙልኝ» ባለ ጊዜ ከውበቱ አስቀድማችሁ ልባሱ ምን እንደሆነ፣ የእሳት መውጫው በየት እንደሆነ፣ ለጥገና የሚቀመጠው ገንዘብ ስንትና በማን እጅ እንደሆነ፣ ሊፍቱን የሚጠግነው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ የተሰላበትን የመሐንዲስ ፊርማም አሳዩን በሉ። በወረዳው ስብሰባ ላይ ስለ ከተማዪቱ መልክ ስትጠየቁ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳና እንጦጦ የሚታይበት መስመር በፕላኑ ላይ የት እንደሆነ አሳዩን በሉ፤ ካላሳዩአችሁ ራሳችሁን አትነቅንቁ። የሕንፃችሁ ማኅበር ሲጠራ ሂዱ። መልሱ በጽሑፍ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ በውክልናው አትፈርሙ።